ለሳል፣ ለቁስል ወይስ ለእርጎ? በጣና ዳርቻ የሚገኙ ማሮች በባክቴሪያ ላይ ባላቸው ጉልበት ሲነጻጸሩ

ባሕር ዳር ገበያ ማር ሊገዛ የወጣ ሰው ምርጫው ብዙ ነው። ከነሰፈፉ በባልዲ የመጣ ማር አለ። ተጣርቶ በውኃ ፕላስቲክ የተሞላ ነጭና ቀይ ማር አለ። ሱፐርማርኬት ውስጥ የታሸገ፣ በትንሽ ጠርሙስ በውድ ዋጋ የሚሸጥ የጣዝማ ማር፣ አንዳንዴም ከውጭ የገባ ማኑካ ይገኛል። ሻጮቹ ሁሉንም "መድኃኒት ነው" ብለው ነው የሚያቀርቡት። ማር ባክቴሪያን እንደሚገታ የተረጋገጠ ነገር ነው። ነገር ግን ያው ማር በብዙ ውኃ ሲበረዝ ባክቴሪያ የሚራባበት ምግብ ይሆናል። የአንድ ማር ጉልበት ደግሞ ከስሙና ከቀለሙ ይልቅ ከቀፎ ወጥቶ እጅዎ እስኪገባ ድረስ በደረሰበት ነገር ይወሰናል፤ ምን ያህል ውኃ እንዳዘለ፣ ምን ያህል እንደሞቀ፣ በምን እንደተነካካ። ይህ መመሪያ ማሮቹን በእነዚህ ነገሮች ይመዝናል።

ማር ባክቴሪያን የሚይዘው በምን በምን ነው

አንደኛ፣ በስኳሩ። የበሰለ ማር ከመቶው 80 ያህሉ ስኳር፣ ከ17 እስከ 20 የሚሆነው ውኃ ነው። ያችን ውኃ ስኳሩ አጥብቆ ስለሚይዛት ባክቴሪያ ሊጠቀምባት አይችልም፤ እንዲያውም ከራሱ ሕዋስ ውስጥ ያለው ውኃ እየተሳበ ይወጣበታል። ይህ የሚሠራው ማሩ ሳይበረዝ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ በአሲዱ። የማር ፒኤች አብዛኛውን ጊዜ ከ3.2 እስከ 4.5 ነው። በሽታ የሚያመጡ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች የሚመቻቸው 7 አካባቢ ስለሆነ እንዲህ ባለ ጎምዛዛ ቦታ ይዳከማሉ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀውና ለግዢ ውሳኔ ዋና የሆነው ነው። ንብ የአበባ ወለላ ወደ ቀፎ ስትመልስ ከራሷ እጢ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ትጨምርበታለች። ኢንዛይሙ በበሰለ ማር ውስጥ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ማሩ ውኃ ሲያገኝ ግን ይነቃና ግሉኮሱን ወደ ግሉኮኒክ አሲድ እየለወጠ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። ማር ባክቴሪያን እንደሚገታ ቫን ኬተል የተባለ ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ጽፎ ነበር። የሚገታው ነገር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መሆኑ የታወቀው ግን በ1963፣ በአሜሪካዊው ዋይትና ባልደረቦቹ ሥራ ነው። ከፍተኛው መጠን የሚመነጨው ማሩ ከብርዙ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ነው። ያኔም ቢሆን ከፋርማሲ ከሚገዛው 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ በመቶዎች እጥፍ የቀጠነ ነው። ጥቅሙ በአንድ ጊዜ ፈስሶ አለማለቁ ላይ ነው፤ ለሰዓታት በጥቂት በጥቂቱ ይመነጫል፣ ሥጋንም አያቃጥልም።

ይህ ኢንዛይም ሙቀትም ብርሃንም አይወድም። ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ ማር ጉልበቱን በፍጥነት ያጣል፤ በመስታወት ሞልቶ ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ የቆየ ማርም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይደክማል። ደም፣ የቆሰለ ሥጋና የአበባ ዱቄት ደግሞ ካታሌዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም አላቸው፤ የመነጨውን ፐርኦክሳይድ ወዲያው ይበትነዋል።

አራተኛ፣ ከፐርኦክሳይድ ውጭ ያሉ ነገሮች አሉ። ከዕፅዋቱ የሚመጡ ፌኖሎች፣ ከንቧ የሚመጣ ዲፌንሲን የተባለ ፕሮቲን፣ ማኑካ ላይ ደግሞ ሜቲልግላይኦክሳል።

የመጠን ነገር

ጎንደር ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የጣዝማ ማርንና የተራ ንብ ነጭና ቢጫ ማርን መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ጭምር ላይ ፈትኗል። 50 በመቶ በሆነ ብርዝ በባክቴሪያው ማሳደጊያ ላይ የታየው የጸዳ ክበብ ስፋት በአማካይ ለጣዝማ 22፣ ለነጭ 21፣ ለቢጫ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። ሦስቱም ባክቴሪያዎቹን ለመግደል ያስፈለጋቸው ዝቅተኛ መጠን 12.5 በመቶ ነው፤ አንድ እጅ ማር በሰባት እጅ ውኃ ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ከሻይ ብርጭቆ ጋር ያስተያዩት። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር 7 ግራም ገደማ ይመዝናል። በ200 ሚሊ ሊትር ሻይ ውስጥ ሲገባ 3.5 በመቶ እንኳ አይሞላም። እንዲህ የቀጠነ ማር ባክቴሪያ አይገድልም፣ በሚፈላ ሻይ ውስጥ ከገባ ደግሞ ኢንዛይሙም ይጠፋል። ሻዩ ይጣፍጣል፣ ጉሮሮም ያለሰልሳል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠበቅበት።

በቀጭኑ ብርዝ የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎችም አሉ። እርጎ የሚያረጉት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች 5 በመቶ ያህል ማር ያለበት ወተት ውስጥ በደንብ ያድጋሉ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ታይቷል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ራሳቸው ሌሎችን የሚገቱ ነገሮች ያመርታሉ፦ ላክቲክ አሲድ፣ ጥቂት ፐርኦክሳይድ፣ አንዳንዶቹም ባክቴሪዮሲን የሚባሉ ፕሮቲኖች። ለምግብ ማቆያነት በብዙ አገር የተፈቀደው ኒሲን የሚገኘው ከአንዱ የወተት ባክቴሪያ ነው። ምርቱ ከእድገታቸው ጋር ስለሚሄድ ማሩ በዝቶ እድገታቸውን ካዘገየ የሚያመርቱትም ያንሳል።

መመዘኛዎቹ

*የውኃ መጠን።* ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለንብ ማር የሚፈቅደው ከ20 በመቶ ያልበለጠ ውኃ ነው። ከዚያ ካለፈ እርሾ ይነሳበታል፤ አረፋ ያወጣል፣ ይጎመዝዛል። ሪፍራክቶሜትር (የማርን ውኃ የሚለካ መሣሪያ) ያለው ነጋዴ ካለ በአንድ ጠብታ ያሳይዎታል። ከሌለ ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል።

1. ባዶና ደረቅ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ይመዝኑ፣ አንገቱ ላይ ምልክት ያድርጉ።
2. እስከ ምልክቱ ውኃ ሞልተው ይመዝኑ፣ የባዶውን ይቀንሱ።
3. ፕላስቲኩን አድርቀው እስከዚያው ምልክት ማር ይሙሉ። አረፋው ወደ ላይ እንዲወጣ አንድ ቀን አሳድረው ምልክቱ ድረስ ያስተካክሉና ይመዝኑ፤ የባዶውን ይቀንሱ።
4. የማሩን ክብደት በውኃው ክብደት ያካፍሉ።

ውጤቱ 1.42 ገደማ ከሆነ ውኃው ከ17 እስከ 18 በመቶ ነው፤ ጥሩ ነው። 1.40 ከሆነ 20 በመቶ፣ ወሰኑ ላይ ነው። ከ1.39 በታች ከሆነ ለማስቀመጥ አይግዙት። ስህተት የሚመጣው ፕላስቲኩ እርጥበት ሲቀረው፣ አረፋው ሳይወጣ ሲመዘን ወይም የረጋ ማር አየር አቅፎ ሲሞላ ነው። ይህ ሚዛን የሚናገረው ስለ ውኃ ብቻ እንደሆነ አይርሱ። ወፍራም የስኳር ሽሮፕም 1.40 ሊመዝን ይችላል።

*ሙቀትና ብርሃን።* በላብራቶሪ የሚለካው በሁለት ነገር ነው። ኤችኤምኤፍ የተባለው ውህድ ማር ሲሞቅና ሲያረጅ ይጨምራል፤ ኮዴክስ በኪሎ ከ40 ሚሊ ግራም፣ ከሞቃት አገሮች ለሚመጣ ማር ከ80 እንዳይበልጥ ይላል። ዳያስቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ደግሞ በሙቀት ይቀንሳል፤ ዝቅተኛው ወሰን 8 ነው። ገበያ ላይ ያለዎት መሣሪያ ጥያቄ ነው፦ "ስታጣሩት አሙቃችሁት ነበር? እሳት ላይ ወይስ ፀሐይ ላይ?"

*ንጽሕና።* ማር ሕያው ባክቴሪያን ቢገታም ስፖርን አይገድልም። ስፖር ማለት አንዳንድ ባክቴሪያዎች ክፉ ጊዜ የሚያልፉበት ጠንካራ ቅርፊት ነው። ቦቱሊዝምን (ሰውነትን ሽባ የሚያደርግ መመረዝ) እና መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ሁለቱም ስፖር ይሠራሉ፤ ሁለቱም ከአፈር፣ የመንጋጋ ቆልፉ በተለይ ከእንስሳት እበት ጋር ይገኛሉ። ማሩን ማፍላትም መፍትሔ አይሆንም። በባሕር ዳር ከፍታ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ የቦቱሊዝምን ስፖር ለመግደል ግን 121 ዲግሪ የሚደርስ የግፊት እንፋሎት ያስፈልጋል።

*የባዕድ ነገር አለመኖር።* ክብሪት በማር ነክሮ መጫር፣ ወረቀት ላይ ማንጠብጠብ፣ ጉንዳን ይበላው እንደሆነ ማየት፦ እነዚህ ሁሉ ቢበዛ የማሩን ውፍረት ይናገራሉ፣ ስኳር መጨመሩን አያሳዩም። ዱቄት መጨመሩን ግን ቤት ውስጥ ማወቅ ይቻላል። አንድ ማንኪያ ማር በትንሽ ለብ ያለ ውኃ አሟሙተው ሲበርድ አንድ ጠብታ የቁስል አዮዲን ያድርጉበት። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ዱቄት አለበት። የስኳር ጭማሪ በእርግጠኝነት የሚለየው በላብራቶሪ ነው።

ዋጋና በቀላሉ መገኘት አምስተኛው መመዘኛ ነው፤ ማብራሪያ አያሻውም።

ቀለም ከመመዘኛዎቹ ውስጥ የለም። ጠቆር ያለ ማር ብዙ ጊዜ ፌኖል ይበዛዋል፤ በጎንደሩ ጥናት ግን ነጩ ቢጫውን በልጧል። መርጋትም ጉድለት አይደለም። ብቻ ማር ሲረጋ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ውኃ ስለሚበዛው እዚያ ላይ እርሾ ይጀምራል፤ የረጋውን ከፈሳሹ ጋር አማስለው ይጠቀሙ።

ምርጫዎቹ በየተራ

ያልተጣራ ማር ከባህላዊ ቀፎ

ሳይሞቅ የመጣ ስለሆነ ኢንዛይሙ ሙሉ ነው፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ባህላዊ ቀፎ ከውስጥም ከውጭም በእበትና በጭቃ ይለቀለቃል፤ ማር ሲቆረጥ የኩበት ጭስ ይሰጠዋል፤ የማር እንጀራው ሲወጣ እጭ፣ የአበባ ዱቄትና ያልበሰለ ማር አብረው ይመጣሉ። እጩና ያልበሰለው ማር ውኃ ይጨምራሉ፤ የአበባ ዱቄቱ ፐርኦክሳይዱን የሚበትነውን ካታሌዝ ያመጣል፤ ከእበቱ ጋር ስፖር ሊመጣ ይችላል።

ከዚህ ዓይነት የሚገዙ ከሆነ እንጀራውን ራሱን ይመልከቱ። ንቦቹ ቢያንስ ሦስት አራተኛውን በሰም የደፈኑት እንጀራ የበሰለ ነው። ክፍት ክፍት የሆነውን ዘንበል ሲያደርጉት የሚንጠባጠብ ከሆነ ገና ነው። ለመብላትና ለጠጅ መልካም ነው፤ ለቁስል ግን በፍጹም አይሆንም።

ከፍሬም ቀፎ የወጣ፣ ሳይሞቅ የተጣራ ማር

ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው ይህ ነው። በማጣሪያ ማሽን ሲወጣ እጭና የአበባ ዱቄት አይጨፈለቅበትም፣ ፍሬሙ በእበት አይለቀለቅም፣ አናቢው የተደፈነውን ፍሬም ለይቶ ማውጣት ይችላል። ጣና ዙሪያ ዋናው የማር ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ ከአደይ አበባ፣ ከመጭና ከኑግ። ሁለተኛው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሲሆን ብሳና አንዱ ምንጩ ነው። በኅዳር የሚገዛ ሰው አዲስ ማር የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። በክረምት አጋማሽ "ትናንት የተቆረጠ" የሚባል ማር ግን ጥያቄ ያስነሳል።

የዘጌ ማር በስሙ ብቻ ውድ ሲባል ያጋጥማል። ዘጌ በልማድ እርሻና ከብት የተከለከለበት፣ ቡና ከጥላ ዛፎቹ ጋር የቆመበት ምድር ነው፤ የማሩ ጣዕም የተለየ ቢሆን አይገርምም። የአካባቢው ስም ግን የውኃውን መጠንም ሆነ ማሩ መሞቅ አለመሞቁን አይነግርም። ከደራ ወይም ከመራዊ የመጣ በደንብ የተያዘ ማር፣ በፀሐይ ቀልጦ ከተጣራ የዘጌ ማር በባክቴሪያ ላይ ሊበረታ ይችላል።

የሚያበላሸው አንዱ ነገር አያያዝ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲበልጥ ክፍት የሆነ ማር ከአየር ውኃ መሳብ ይጀምራል። የሐይቁ ዳር ክረምት ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ያልፋል። ክዳኑ የሚጠብቅ ብርጭቆ ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ይሁን፤ ቆርቆሮ ባልዲ አይሁን፣ አሲዱ ዚንኩን ይበላዋልና። ከረጋ ዕቃውን ከ45 ዲግሪ ባልበለጠ ውኃ ውስጥ አቁመው ያቅልጡት፤ እጅዎን ያለ ችግር ማቆየት የሚችሉበት ሙቀት ማለት ነው።

የታሸገ የሱፐርማርኬት ማር

ንጹሕ መልክ አለው፣ ውኃው ብዙ ጊዜ በወሰኑ ውስጥ ነው፣ እርሾ እንዳይነሳበትም አብዛኛውን ጊዜ ይሞቃል። ስለዚህ ኢንዛይሙ የተዳከመ እንደሆነ ገምተው ይግዙት። እንደ ጣፋጭ ምግብ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ለእርጎም፣ ከታች እንደሚታየው፣ ከሁሉም የሚመች ነው።

የጣዝማ ማር

ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ መንደፊያ የሌላት ትንሽ ንብ ናት። ማሯ ቀጭን፣ ጎምዛዛና ጠንከር ያለ ሽታ ያለው ነው፤ የሚከማቸውም በትናንሽ የሰም እንስራዎች ውስጥ ነው። ውኃው ብዙ ጊዜ ከ25 በመቶ በላይ ስለሆነ የኮዴክስ የ20 በመቶ ወሰን ለእሱ አይሠራም፤ ከላይ ያለው የሚዛን ፈተናም ያሳስትዎታል። ይህን ያህል ውኃ ይዞም በጎንደሩ ፈተና አንደኛ መውጣቱ ጉልበቱ ከስኳሩ ብቻ እንደማይመጣ ያመለክታል።

ይሁን እንጂ ልዩነቱን በልኩ ይዩት። 22 እና 21 ሚሊ ሜትር ጎረቤታሞች ናቸው፤ የመግደያው መጠን ለሦስቱም ማሮች አንድ ነበር። ጣዝማ የበለጠው ሳይገድል እድገትን ብቻ በሚገታው መጠን ነው፤ 6.25 በመቶ ሆኖ አብዛኞቹን ባክቴሪያዎች ገትቷል። ዋጋው ከተራ ማር ብዙ እጥፍ በመሆኑ ለዚያ ልዩነት መክፈል ያዋጣል ወይ የሚለው እንደ ገዢው ነው። ለሳል ብቻ የሚፈልጉት ከሆነ አያዋጣም።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። የመጀመሪያው ማጭበርበር ነው። የቦካ ተራ ማር ወይም ሎሚ የተጨመረበት ሽሮፕ ጎምዛዛና ቀጭን ስለሚሆን በጣዝማ ስም ሊሸጥ ይችላል። ከሚያውቁት ቆፋሪ፣ ቢቻል ከነእንስራው ይግዙ። ሁለተኛው፣ ከአፈር ተቆፍሮ የሚወጣ ማር አፈር ሳይነካው አይቀርም፤ አፈር ደግሞ የስፖር ቤት ነው። "ከሁሉ የበረታ" በመሆኑ ብቻ ቁስል ላይ ማድረግ ትልቅ ስህተት ነው። ቀጭን ስለሆነም ከተገዛ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ መቡካቱን ይቀጥላል። ጎጆው ሲቆፈር መንጋው ብዙ ጊዜ እንደሚጠፋም ገዢው ቢያውቅ መልካም ነው።

ማኑካና ለሕክምና የተዘጋጀ ማር

ማኑካ ከኒውዚላንድና ከአውስትራሊያ ቁጥቋጦ የሚመጣ ነው። በአበባው ወለላ ውስጥ ያለው ዳይሃይድሮክሲአሴቶን ማሩ ሲቆይ ወደ ሜቲልግላይኦክሳል ይለወጣል፤ ይህን ውህድ ካታሌዝ አይበትነውም። ቁስል ላይ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ጠርሙሱ ላይ ዩኤምኤፍ ከተባለው የማኑካ ደረጃ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያንብቡ፦ ዩኤምኤፍ 5 በኪሎ 83 ሚሊ ግራም፣ ዩኤምኤፍ 10 ደግሞ 263፣ ዩኤምኤፍ 15 ደግሞ 514 ሚሊ ግራም ገደማ ሜቲልግላይኦክሳል ማለት ነው። ቁጥር የሌለው "ማኑካ" በውድ ዋጋ የተገዛ የቁርስ ማር ነው።

የቁርስ ማኑካና የሕክምና ማር አንድ አይደሉም። የሕክምናው በጋማ ጨረር ስፖሩ ተገድሎ፣ በቱቦ ወይም በፋሻ ታሽጎ የሚመጣ ነው። ጨረር የሚመረጠው እንደ ሙቀት ኢንዛይሙን ስለማያጠፋው ነው።

ሰንጠረዥ

| ምርጫ | ውኃ | የኢንዛይም ጉልበት | የስፖርና የቆሻሻ ስጋት | ዋጋ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ያልተጣራ፣ ከባህላዊ ቀፎ | ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ | ሙሉ፣ ግን የአበባ ዱቄት ይቀንሰዋል | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ጠጅ፣ ብርዝ |
| ከፍሬም ቀፎ፣ ሳይሞቅ የተጣራ | ከ17–20 በመቶ | ጥሩ | መካከለኛ | መካከለኛ | ምግብ፣ ሳል፣ የላብራቶሪ ናሙና |
| የታሸገ፣ የሞቀ | ከ20 በመቶ በታች | ደካማ | መካከለኛ (ስፖር አይሞትም) | መካከለኛ | እርጎ፣ ሻይ፣ ዳቦ |
| ጣዝማ | ከ25 በመቶ በላይ | ጥሩ፣ ከስኳር ውጭ ጉልበት አለው | ከፍተኛ | በጣም ውድ | በጥቂቱ ለሚቀምስ፣ ለምርምር |
| የሕክምና ማር | የተወሰነ | ጥሩ፣ ማኑካ ከሆነ ካታሌዝ አይበትነውም | የተወገደ | በጣም ውድ | ቁስል፣ በባለሙያ እጅ |

እንደ ፍላጎትዎ

*ሳል ላለበት ልጅ።* አብዛኛው የጉንፋን ሳል ከቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ እዚህ ላይ የባክቴሪያ ጉልበት አይፈለግም፤ ማሩ የሚሠራው ጉሮሮ በማለስለስ ነው። እውነተኛ ማር ይሁን እንጂ ርካሹ ይበቃል። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 2.5 ሚሊ ሊትር፣ ከ6 እስከ 11 ላለ 5 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለ 10 ሚሊ ሊትር ከመተኛቱ በፊት ሳይበረዝ ይሰጠው። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ከየትኛውም ማር በጣት ማላስ እንኳ ክልክል ነው። አንጀቱ የቦቱሊዝም ስፖር እንዳይበቅል መከላከል አይችልም፤ የሚመነጨው መርዝ ትንፋሽ እስከ ማቆም ያደርሳል።

*ቁስል።* የገበያ ማር ቁስል ላይ አያድርጉ። በጀቱ ለሕክምና ማር ካልደረሰ ንጹሕ ውኃና ሳሙና፣ ንጹሕ ፋሻና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከየትኛውም ማር ይቀድማሉ። ጥልቅ ቁስል፣ ቃጠሎና የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው። የሕክምና ማር ሲታዘዝ ማሩ የሚቀባው ፋሻው ላይ ነው፤ ለ10 በ10 ሴንቲ ሜትር ፋሻ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ። ቁስሉ ብዙ ፈሳሽ ካወጣ ማሩን አቅጥኖ ወደ ደካማው መጠን ያወርደዋል፤ ያኔ በቀን አንዴ መለወጡ አይበቃም።

*እርጎ።* እዚህ ላይ የሞቀው፣ ኢንዛይሙ የደከመው ማር ይመረጣል፤ ፐርኦክሳይድ የሚያመነጭ ጠንካራ ማር ወተቱን የሚያረጉትን ባክቴሪያዎች ሊያዘገያቸው ይችላልና። አንድ ሊትር የፎገራ ላም ወተት አፍልተው ለብ እስኪል ያብርዱት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ያሟሙበት፤ 40 ግራም ያህል ነው፣ ከ5 በመቶው ወሰን በታች። ከዚያ ሁለት ማንኪያ ጥሩ እርጎ ጨምረው ከድነው ያሳድሩት። ማሩን አብዝተው ወተቱ ካልረጋ ወይም አሲዱ ከደከመ ምክንያቱ ይኸው ነው። የበለጠ ጣፋጭ ከፈለጉ ቀሪውን ማር ከረጋ በኋላ ይጨምሩ።

*ብርዝና ጠጅ።* በአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውኃ ሲገባ ስኳሩ እርሾን መያዝ ያቆማል፤ ጠጅ ሊሆን የሚችለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ውኃ የበዛበት፣ አረፋ የጀመረው ርካሽ ማር እዚህ ጥፋት የለበትም። ለብርዝ ግን ውኃውን አፍልተው ያብርዱት፣ በዕለቱም ይጠጡት። ቀጭን ብርዝ ውስጥ የገባ የውኃ ብክለት በማሩ አይሞትም።

*ነጭ ሽንኩርት በማር።* ሽንኩርቱ ውኃውን እየለቀቀ ማሩን ያቀጥነዋል። በትንሹ አዘጋጅተው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠው በሳምንቱ ይጨርሱት።

*ለላብራቶሪ ናሙና ለሚመርጡ ተማሪዎች።* ሁለት መንገድ አለ። በአጋር ላይ ጉድጓድ መቅደድ ርካሽና ፈጣን ነው፦ ሙለር ሂንተን አጋር፣ በ0.5 ማክፋርላንድ የተለካ ባክቴሪያ፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ፣ በ37 ዲግሪ ከ18 እስከ 24 ሰዓት። ድክመቱ በአጋር ውስጥ በዝግታ የሚሄድ ውህድ ደካማ መስሎ መታየቱ ነው። የሚገታውንና የሚገድለውን መጠን ከፈለጉ በፈሳሽ ማሳደጊያ ደረጃ በደረጃ ማቅጠን ይሻላል፤ ብዙ ዕቃ ይፈልጋል እንጂ ለማነጻጸር ታማኝ ነው።

በሁለቱም ስኳሩ ብቻውን ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ሰው ሠራሽ ማር ይኑር፦ 40.5 ግራም ፍሩክቶስ፣ 33.5 ግራም ግሉኮስ፣ 7.5 ግራም ማልቶስ፣ 1.5 ግራም ሱክሮስና 17 ሚሊ ሊትር ውኃ። ካታሌዝ የተጨመረበት ሌላ ናሙናም ይኑር፤ በእሱ ላይ የሚቀረው ክበብ ከፐርኦክሳይድ ውጭ ያለው ጉልበት ነው። ያለ እነዚህ ሁለቱ የወጣ ውጤት የማሩን ጉልበት ከስኳሩ ሊለይ አይችልም። ናሙናው ከቀፎ እስከ ሙከራው ቀን በአልሙኒየም ፎይል ተጠቅልሎ በ4 ዲግሪ ይቀመጥ። ብርዙ በሙከራው ሰዓት ይዘጋጅ፤ ትናንት የተበረዘ ማር ፐርኦክሳይዱን ማመንጨት ከጀመረ ቆይቷልና ቁጥሩ ከሌሎቹ ጋር አይነጻጸርም።